ቱቦው የት ገባ?

ትናንት ራጉኤል ደጅ አንድ የድሮ ተማሪዬ አገኘኝና «ቲቸር፣ ያቺ ስድስት አሁንም አለች?» አለኝ። አለች እንጂ! 6 ሲደመር የጨቅላው ክብደት በኪሎ፤ 2 ኪሎ ከሆነ ቱቦው ከንፈሩ ላይ 8 ሴንቲሜትር። (በጣም ለትንንሾቹ ትጠልቃለች።)

ግን መነሻ ናት። ብዙ ሌሊት ተረኛ ሆኜ አድሬ ጆሮዬን ብቻ አላምነውም፤ ደረታቸው ትንሽ ስለሆነ ቱቦው ጨጓራ ገብቶም ሳንባ ላይ ድምፅ ይሰማል። የልብ ምቱ ከፍ አለ? የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠቋሚዋ ከሐምራዊ ወደ ቢጫ ተቀየረች? ካልተቀየረች ጠርጥሩ። ልቡ በጣም ከደከመ ግን ቱቦው ቦታው ላይ ሆኖም ላትቀየር ትችላለች። በግራ ድምፁ ካነሰ ብዙ ጊዜ ወደ ቀኝ ሳንባ ጠልቋል። ራጅ ሲነሳም አገጩን እዩ፤ ወደ ደረቱ ካጎነበሰ ቱቦውም አብሮ ይወርዳል።

ጠቋሚ የሌላችሁ ልጆቼ፣ እንዴት እየሠራችሁ ነው? ጻፉልኝ።