«ጋዝ አልቆበት ነው!»

ድሬዳዋ ውስጥ የመኪና ኤሲ ሙቅ አየር መንፋት ከጀመረ፣ ኮፈኑ ሳይከፈት ፍርዱ ይሰጣል፤ «ጋዝ አልቆበት ነው!» ጥላ ሥር ጫቱን የሚቀነጥበው ሰውዬ ሳይቀር ይህን ያውቃል። እኔ ደግሞ ጋዜጠኝነት ተምሬ የወጣሁ ሰው ነኝና፣ ምንጭ የሌለው ዜና ያሳክከኛል።

ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። አጎቴ ስድስት ቤተሰብ የሚያስተዳድረው በአንዲት አሮጌ ኮሮላ የኮንትራት ሥራ ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ ኤሲ የሌላትን መኪና ማን ይኮናተራል? በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ያለውን ጋዝ አስወጥተው አዲስ ሞሉለት። ሦስቱንም ጊዜ ሠራ። ሦስቱንም ጊዜ ከቀናት በኋላ ጠፋ። ሦስቱንም ጊዜ ከፈለ።

በመጨረሻ ደቻቱን ተሻግረን መጋላ ገባን። (የከዚራ ዛፎች ያሞላቀቋችሁ ሆይ፣ መጋላ ላይ ጥላ የሚገኘው ግድግዳ በመጠጋት ነው።) ኤሌክትሪሺያኑ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ድሬ ላይ አንቱታ ስለማናበዛ አንተ እያልኩት ነው ያወራነው።

«መቼ ነው የሚቀዘቅዘው? መቼ ነው የሚጠፋው?» አለ፣ መፍቻ ሳያነሳ።

«አስፋልት ላይ ደህና ነው። ኮብልስቶን ስገባ ይጠፋል» አለ አጎቴ።

«አቦ! ጋዝ ኮብልስቶን ላይ ወጥቶ አስፋልት ላይ ይመለሳል እንዴ?»

እናንተዬ፣ «ማን? ምን? መቼ? የት?» እያሉ ያደረቁን አስተማሪዎቼ ይህን ሰው ባዩት!

ኮምፕሬሰሩ ፊት ላይ በማግኔት የሚሠራ ክላች አለ። የኤሲው ቁልፍ ሲጫን ኤሌክትሪክ በፊውዝና በሪሌ በኩል አልፎ ክላቹን «ጠቅ» ያደርገዋል። መስመሩ ላይ የግፊት ስዊችም አለ። የኮምፕሬሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር ስለሚዞር፣ ጋዙ በጣም ሲያንስ ኮምፕሬሰሩ ደርቆ እንዳይፈጭ ስዊቹ መስመሩን ይቆርጣል። ስለዚህ ጋዝ ያለቀባትም ሆነች ሽቦ የተበጠሰባት መኪና ሕመማቸው አንድ ነው፤ «ጠቅ» የለም። ጋዝ ሻጭ ደግሞ ሽቦ አይሸጥም።

ሰውየው ሽቦ የተበየደላት ትንሽ አምፖል አወጣ። አንዱን ጫፍ ማሳ ላይ አስነክሶ በሌላው ፊውዙን ነካ፤ በራች። የሪሌውን መውጫ ነካ፤ በራች። ክላቹ ሶኬት ላይ ግን በራች፣ ጠፋች፣ በራች። በመሀል ያለውን ሽቦ በጣቱ እየዳሰሰ ሄደ። ከብረት ጋር ሲፋተግ የኖረው ቦታ ላይ፣ ላስቲኩ ውስጥ የመዳብ ክሮቹ ተበጥሰዋል። ጋዝ የሞሉት ሰዎች ቱቦ ሲገጥሙ ሽቦውን ገፋ ያደርጉታል፣ ክሮቹ ይነካካሉ፣ ኤሲው ይሠራል፣ ምስጋናው ለጋዙ!

ክንድ የማይሞላ ሽቦ፣ ትንሽ ብየዳ፣ ቴፕ። የከፈልነው ከአንዱ ሙሌት ያንሳል።

ጋዝ አያልቅም እያልኩ አይደለም። ግን ኤሲ ጋዝን እንደ ቤንዚን አይበላም፤ ካለቀ የሆነ ቦታ ይተነፍሳል ማለት ነውና ቀዳዳው ሳይደፈን መሙላት በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው።

ልንወጣ ስንል ሌላ ባለመኪና መጣ። ነፋሱ የሚመጣው 4ኛው ላይ ብቻ ነው፤ 1፣ 2፣ 3 ዝም።

«ሬዚስታንሱ ተቃጥሏል። 4ኛው በእሱ በኩል ስለማያልፍ ነው የተረፈልህ» አለው ኤሌክትሪሺያኑ።

ባለመኪናው ጭንቅላቱን አከከ። «እሺ... ግን ጋዙንስ ለማንኛውም ብሞላው?»