የኮክ ሽቶና የሐዋሳ ጉሎ

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ሐዋሳ የገባ እንግዳ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሐይቁን ነው። መጠየቁም የተገባ ነው፤ ከታቦር ተራራ ላይ ሆኖ ቍልቍል ለሚመለከት ሰው ውሃው እንደ ብር ጻሕል ተዘርግቶ ይታያል። ነገር ግን ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ የሆነችውን ይህችን አገር በዓይን ብቻ አይቶ መመለስ እኩሌታዋን ትቶ እንደ መመለስ ነው። ሐዋሳ በአፍንጫም የምትታወቅ ከተማ ናት።

በአሞራ ገደል በኩል የዓሣው ሽታ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ወደ ገበያው ሲዘልቁ ግን ነገሩ ይለወጣል። ማንጎው፥ ሙዙ፥ አቮካዶው፥ ከደጋ የወረደው ኮክ በየመደቡ ተደርድሮ፥ ከዚያው አጠገብ ለጋ ቅቤ በእንሰት ቅጠል እንደ ተጠቀለለ ይሸጣል። ኮኩን አሽተው ወዲያው ቅቤውን ቢያሸቱ፥ ከፍሬው የወተት፥ ከቅቤው የፍሬ ለዛ ያገኛሉ። ይህ የአፍንጫ ስሕተት አይደለም። በበሰለ ኮክና በቅቤ ውስጥ ላክቶን የሚባሉ፥ እርስ በርሳቸው ዝምድና ያላቸው ነገሮች አሉ፤ ስማቸውም የመጣው ወተት ማለት ከሆነው የላቲን ቃል ነው። ቅቤ ቅመም ሳይገባበት ሲቀልጥ ቤቱን ከሚሞላው ጣፋጭ ሽታ አንዱ ምንጭ እነዚሁ ናቸው።

እንግዲህ ወደ ሽቶው ነገር እንምጣ። ወይዛዝርቶቻችን በውድ ዋጋ ከሚገዟቸው የውጭ አገር ሽቶዎች መካከል ይህንኑ የኮክና የወተት ለዛ የያዙ ብዙዎች ናቸው። ገዢው መዓዛው ከፍሬው ተጨምቆ የወጣ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከሐዋሳ ብዙ ሳይርቅ፥ በወንዶ ገነት፥ የመዓዛማ ተክሎችን ጠባይ የሚመረምር የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። የጠጅ ሣርን የመሰለ ቅጠል በእንፋሎት ሲመታ ዘይቱ ከእንፋሎቱ ጋራ ይወጣና ሲቀዘቅዝ ከውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ኮክ ግን አብዛኛው አካሉ ውሃ፥ መዓዛውም እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፥ በዚህ መንገድ ቢደክሙበት የሚተርፈው የተቀቀለ ፍሬ ሽታ ነው።

መላው የተገኘው በኬሚስቶች እጅ ነው። በፈረንጆች ቍጥር በ1908 ዡኮቭና ሼስታኮቭ የተባሉ ሁለት የሩስያ ሊቃውንት ጋማ ኡንዴካላክቶን የተባለውን ነገር ሠሩ፤ ሽታውም ቍርጥ የበሰለ ኮክ ሆነ። ነጋዴዎች አልዲሃይድ ሲ 14 ብለው ጠሩት። ነገር ግን አልዲሃይድም አይደለም፥ የካርቦኑም ቍጥር 14 ሳይሆን 11 ነው፤ መቼም የንግድ ሰው ስም ማወናበዱ በየአገሩ ያለ ነው። ዣክ ገርላን በ1919 በፓሪስ ሚትሱኮ የተባለውን ሽቶ ሲያወጣ፥ ይህንኑ የኮክ መዓዛ በዛፍ ቅርፊት ላይ ከሚበቅል ሽበት ሽታ ጋራ አዋሐደው። ሽቶው መቶ ዓመት አልፎት ዛሬም ይሸጣል።

ይህ የኮክ ላክቶን የሚሠራው ከጉሎ ዘይት ነው ቢባል የሐዋሳ ሰው ያምን ይሆን? በየአጥሩ ሥርና በየጥራጊው መጣያ ያለ ባለቤት የሚበቅለው፥ ፍሬው ተወቅጦ ምጣድ የሚያሟሹበት፥ ዘይቱ ቆዳ የሚያለሰልሱበት ያው ጉሎ ነው። ዘይቱ በጽኑ ሙቀት ሲሰነጠቅ ኡንዴሲሌኒክ የተባለ አሲድ ይገኝበታል፤ ይህም ከሰልፈሪክ አሲድ ጋራ ሲሞቅ እንደ ቀለበት ይታጠፍና የኮክ መዓዛ ይሆናል። በራሱ በኮክ ፍሬ ውስጥ የሚገኘውን ጋማ ዴካላክቶንን ደግሞ ፋብሪካዎች የጉሎን ዘይት ለእርሾ እየመገቡ ያወጡታል። ጠላና ጠጅ የምትጥል ባልትና ያላት ሴት ይህን የእርሾ ሥራ ለመረዳት አትቸገርም።

የዕፅዋት ሊቃውንት የጉሎን ጥንተ መገኛ ኢትዮጵያንና አካባቢዋን ያደርጋሉ፤ ከዓለሙ ጉሎ እጅግ የሚበዛውን የምታመርተው ግን ህንድ ናት። በኔ አስተያየት ጉሎን አረም ብሎ ነቅሎ መጣልና ብልቃጡን በብዙ ብር መግዛት ባንድ ቤት ውስጥ የማይስማሙ ሁለት ሥራዎች ናቸው። ከአጥሩ እስከ ብልቃጡ ያለው መንገድ ፋብሪካና ሊቅ እንደሚፈልግ አይካድም። ዘይቱን አጥርቶ መጭመቁ ግን የሩቅ ጥበብ አይደለም።

ሽቶውን ለሚቀቡት አንድ ነገር እንጨምር። ላክቶን ቶሎ አይተንም፤ ነጠላ ላይ ያረፈ እንደ ሆነ ለቀናት ይቆያል። ስለዚህ እንደ ሐዋሳ ባለ ሙቅ አገር ጥቂት ይበቃል።

ጉሎን በግቢያቸው ለሚተክሉ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ማሳሰቢያ አለ። በፍሬው ውስጥ ራይሲን የተባለ ብርቱ መርዝ ይገኛል። መርዙ በደንብ ወደ ተጣራው ዘይት አይወርድም፥ በፋጉሎው ይቀራል፤ ስለዚህ የጉሎ ፋጉሎ እንዲሁ ለከብት አይሰጥም። ፍሬው ዥንጕርጕርና የሚያብረቀርቅ ስለ ሆነ ልጆች ለቅመው ይጫወቱበታል። አኝኮ የዋጠ ልጅ ቢገኝ፥ ሕመሙ እስኪታይ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።