ጠርሙሶቹን ተዋቸው፣ ወንድም ዓለም

ወንድም ዓለም፣

ፎቶው ደርሶኛል። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እያጎላሁ አነበብኳቸው። ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ፣ ዚንክ፣ ሴሊኒየም፣ ካርኒቲን... የእኔ ፋርማሲ እንኳ ይህን ያህል የለውም! «እትዬ፣ ይበቃል ወይስ ልጨምር?» አልከኝ። አትጨምር፣ የኔ ጌታ።

እነዚህ ለስፐርም ይረዳሉ የሚለው ሐሳብ ከባዶ ተነሥቶ አይደለም። የስፐርም ሽፋን በቀላሉ የሚጠቃ ስብ ይበዛበታል፤ ራሱን የሚከላከልበት አቅም ደግሞ እምብዛም የለውም። ሲጋራ ሲጨስ፣ ሙቀት ሲበዛ፣ ኢንፌክሽን ሲኖር ኦክሲዳንቶች ይበረክቱና ሽፋኑንም ዲኤንኤውንም ይጎዳሉ። ታዲያ አንቲኦክሲዳንት ብንሰጠውስ ተባለ። ያስኬዳል። ግን ስፐርም እንቁላሏ ውስጥ ለመግባት እንዲበቃ ጥቂት ኦክሲዳንት የግድ ያስፈልገዋል። እንደ ወጥ ጨው ነው፤ ማነሱም መብዛቱም ያበላሸዋል።

የተፈተነውም እዚያው አንተ ያለህበት አሜሪካ ነው። በፈረንጆቹ 2020 ውጤቱ የወጣ አንድ ጥናት ለመካንነት ሕክምና የመጡ 2,370 ጥንዶችን ይዞ ነበር። ከባሎቹ ግማሾቹ 30 ሚሊግራም ዚንክና 5 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ በየቀኑ ለ6 ወር ወሰዱ፤ ግማሾቹ ምንም የሌለበት ኪኒን። መድኃኒቱን ከዋጡት 34 በመቶ፣ ባዶውን ከዋጡት 35 በመቶ ልጅ አገኙ። ዲኤንኤው የተሰባበረ ስፐርም ግን መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ ትንሽ በዛ፤ ሆዳቸውም ታወከ። በዚያው ዓመት የአንተን ጠርሙሶች የሚመስል ድብልቅም ተሞክሮ ነበር። የስፐርሙን ብዛትም፣ እንቅስቃሴውንም፣ ዲኤንኤውንም አላሻሻለም።

መርዝ ነው አላልኩም። ጥናቶቹን ሁሉ ሰብስበው ያዩ ሰዎች ሊረዳ ይችላል የሚል ፍንጭ አግኝተዋል፤ ማስረጃው ደካማ መሆኑንም ሳይደብቁ ጽፈዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በጠርሙስ እየተጽናናህ ሐኪም ፊት ሳትቀርብ ጊዜው እየሄደ ነው።

ሂድ፣ ሆዴ። በእጁ ዳስሶ የሚያይህ ሐኪም ፈልግ። የቆለጥ ደም ሥር ያበጠ እንደሆነ በዳሰሳ ይታወቃል፤ የሚታከምም ነው። የስፐርም ምርመራውንም ድገመው፤ አንዱ ውጤት ብቻውን ፍርድ አይደለም። ከምርመራው በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ታቀብ። ስፐርም ተሠርቶ እስኪያልቅ ሁለት ወር ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ ዛሬ ሲጋራ ብታቆም ፍሬውን የምታየው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ተስፋ እንዳትቆርጥ።

ጂም ቤት የሚወጉህ ያ መርፌ ቴስቶስትሮን ከሆነ ደግሞ ከጠርሙሶቹ ሁሉ የከፋው እሱ ነው። ሰውነት ከውጭ ሲሰጠው የራሱን ስፐርም መሥራት ይተዋል። ለሐኪምህ አትደብቀው። ስለ ጡንቻህ ማንም አልጠየቀህም!

ሙሽራዬን አደራ። ከሚቸገሩ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ከወንድ ወገን ያለ ምክንያት አለበት፤ የሕክምናውን መርፌ የምትወጋው ግን እሷ፣ እማዬ ስትደውል ድምፅዋ የሚጠፋው እሷ። ቀጠሮዋ ላይ አብረሃት ተቀመጥ። የምርመራ ወረቀትህን አሳያት። አባባ ሕመሙን ደብቆ ምን እንዳተረፈ አንተም እኔም እናውቃለን፤ አንተ አትድገመው።

ገንዘብህን ለምርመራው አስቀምጥ። የሚጎድልህ ካለ ንገረኝ፣ አትፈር። ሐኪሙ ራሱ አንዱን ጠርሙስ ውሰድ ካለህ ውሰድ፤ መጠኑን እሱ ይወስን። ውጤቱ ሲወጣ ሌሊትም ቢሆን በቴሌግራም ላክልኝ። እማዬን ለእኔ ተዋት፤ ከእንግዲህ ሙሽራዬን «ምን አዲስ ነገር አለ?» እንዳትላት ቁጭ አድርጌ እነግራታለሁ።

እህትህ