ዕዳ ተከፍሎ ስም ሲመለስ

ብድር የማያውቅ ቤት አለ ብሎ የሚከራከር ሰው ቢገኝ፣ አንባቢ ሆይ፣ እርሱ ወይ የሞላለት ሀብታም ነው፣ ወይ ጎረቤት የለውም። በአገራችን ጨው ይበደሩታል፣ እሳት ይጫጫሩታል፣ በሬ ይዋዋሱታል፤ ገንዘብም እንደዚሁ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮአል። ጭንቁ የሚመጣው ቀኑ ሲያልፍ ነው። ያን ጊዜ ትናንት ወንድም የነበረው አበዳሪ ዛሬ ከሳሽ ይሆናል፤ ተበዳሪውም ከእርሱ ጋር ፊት ለፊት እንዳይገጥም በጓሮ መንገድ መሄድ ይጀምራል።

አባቶቻችን ለዚህ ነገር ያበጁት መላ ቁራኛ ይባል ነበር። ባለገንዘብና ባለዕዳ አንዱ ከሌላው እንዳያመልጥ በሰንሰለት ወይም በነጠላ ጫፍ ተቆራኝተው፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ አብረው ይሄዱ፣ አብረው ይቀመጡ ነበር። ሰንሰለቱ ዛሬ ቀርቶአል፤ ቃሉ ግን «በዐይነ ቁራኛ ጠበቀው» በምንለው ንግግራችን ውስጥ ይኖራል። እኔ ግን ነገሩን ስመለከተው፣ ያልተከፈለ ዕዳ ሁለት ሰዎችን ዛሬም በማይታይ ገመድ አስሮ የሚያውል ይመስለኛል። ገመዱ በምን እንደሚፈታ ነው ላጫውታችሁ የፈለግሁት።

ሆሳዕና፣ ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ከተማ፣ ዛሬ በ2015 ዓ. ም. የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ከእርሷ ተነሥቶ ወደ ሾኔ፣ ወደ ዶዮገና፣ ወደ አንጋጫ ወይም ወደ ዱራሜ የሄደ መንገደኛ ከእንሰቱ ቅጠል በላይ ብቅ ብቅ ያሉ አዳዲስ ቤቶችን ያያል። ከእነዚያ ብዙዎቹ ከደቡብ አፍሪካ በተላከ ገንዘብ የተሠሩ ናቸው። መንገደኛው የማያየው ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ልጁን ለመላክ ተበድሮ ልጁ ያልደረሰለት አባት ነው። ጉዞው በሞያሌ ወጥቶ ኬንያን፣ ታንዛንያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን ያቋርጣል። በመንገድ ተይዘው በባዕድ ወህኒ ቤት የከረሙ፣ ከዚያም የከፋ የደረሰባቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ደላላው ግን ድርሻውን ተቀብሎ ሄዶአል፤ ለአባት የሚተርፈው ዕዳው ነው።

ከእነዚህ አባቶች አንዱ የአክስቴ ልጅ ነው። በሆሳዕና የታወቀ አናጢ ነው፤ ስሙን አልጠራም። የመጀመሪያ ልጁን ለመላክ ከአንድ ጎረቤቱ 180,000 ብር ተበደረ። ልጁ ማላዊ ላይ ተይዞ ከወራት በኋላ ባዶ እጁን ተመለሰ። አባቱ ልጁን በሕይወት በማየቱ እግዚአብሔርን አመሰገነ፤ ዕዳው ግን ከልጁ ጋር አልተመለሰም። አንድ ዓመት አለፈ፤ ሁለተኛው ተከተለ፤ በመጨረሻም ጎረቤቱ ከሰሰው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለውን ነገር ልንገራችሁ። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም ይላል። ዛሬ 500 ብር ምን እንደሚገዛ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ በአፍ ቃል ብቻ የሚበደርና የሚያበድር ሰው ነገሩን ለዕድል ሰጥቶታል ማለት ነው። የዘመዴ ውል ግን በወረቀት የሰፈረ፣ ሁለት ምስክሮችም የፈረሙበት ስለ ነበር የሚካድ አልነበረም። መጥሪያ ሲደርሰው አፍሮ ቀረ። መጥሪያ ደርሶት የቀረ ሰው ነገሩ በሌለበት ይታያል፤ ተፈረደበትም።

ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ሰውዬው ከሰው ራቀ። ለቅሶ ቤት መሄድ ተወ፤ ገበያ የሚወጣው ሲመሽ ሆነ። ሚስቱም ከጎረቤት ሴቶች ጋር ቅቤ በተራ ከምታጠራቅምበት ከዊጆው ቀረች። ማንም ሂጂ አላላትም፤ የሚናገራት ሳይኖር ራሷ አፍራ ነው የቀረችው። አንባቢ ሆይ፣ በሆሳዕና ከሰው መራቅ ማለት ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ያመመው ሰው ጠያቂ፣ የሞተበት ሰው ቀባሪ የሚያገኘው ከዚያው ከራቀው ሰው ዘንድ ነው።

መሸሽ ደግሞ በሕግም ቢሆን ዋጋ የለውም። በ1958 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለፈረደለት ሰው ፍርዱን ለማስፈጸም የ10 ዓመት ጊዜ ይሰጠዋል። ዐሥር ዓመት በጓሮ መንገድ የሚሄድ ሰው ማን ነው? በዚህም ላይ ሕጉ ሌላ የወለድ ስምምነት በሌለበት በዓመት 9 ከመቶ ወለድ ያሰላል፤ በ180,000 ብር ላይ 16,200 ብር መሆኑ ነው። የሚከፈለውም ገንዘብ አስቀድሞ ለወጪ፣ ቀጥሎ ለወለድ፣ በመጨረሻ ለዋናው ዕዳ ይታሰባል። ስለዚህ ባለዕዳው በተኛ ቁጥር ዕዳው ነቅቶ ያድራል ማለት ይቻላል።

ዳሩ ግን ሕጉ የሚያስፈራውን ያህል የሚያዝን ልብም አለው። የፍርድ አፈጻጸም ሲመጣ ሁሉ ነገር ተጠርጎ አይሄድም። የባለዕዳው ልብስ፣ መኝታውና የማብሰያ ዕቃው፣ እንጀራውን የሚያገኝበትም የሙያ መሣሪያ አይያዝም። መጋዝና መላጊያ ለአናጢ እጁ ናቸው፤ እጁን የተቆረጠ ሰው ደግሞ ዕዳ ሊከፍል አይችልም። በአሠሪ የሚተዳደር ሠራተኛ ቢሆን፣ በ1156/2011 የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ መሠረት ከደመወዙ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። እስራትን በሚመለከት የሥነ ሥርዓቱ ሕግ እንቢተኛውን ባለዕዳ ማሰርን ያውቃል፤ ኢትዮጵያ በ1985 ዓ. ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ግን በ11ኛው አንቀጽ ሰው የውል ግዴታውን መፈጸም ስላቃተው ብቻ እንዳይታሰር ይከለክላል። ያጣና የደበቀ አንድ አይደሉም ማለት ነው። ስንቅ የሌለው ቼክ የፈረመ ሰው ግን ነገሩ ወንጀል ነውና ይህ ሁሉ አያድነውም፤ ለመያዣ ተብሎ ቼክ መስጠትን እንደ ቀላል ነገር የምታዩ ሁሉ አስቡበት።

ዘመዴ ይህን ሁሉ አያውቅም ነበር። ከጓሮ መንገድ ያወጡት ሽማግሎች ናቸው። በአማርኛ ሴራ ሲባል ተንኰል ነው፤ በሐዲያና በከምባታ ግን ሴራ ማለት ሕዝቡ ተስማምቶ የሚተዳደርበት ሥርዓት ነው፤ ቃሉ አንድ ሆኖ ትርጕሙ ይህን ያህል መራራቁ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሽማግሎቹ ሁለቱንም በአንድ ጥላ ሥር አስቀመጡ። አንዱ አዛውንት ለአናጢው፣ «ልጄ፣ ገንዘቡን ስላልከፈልህ ማንም አልጠላህም፤ ፊትህን ስላዞርህ ግን ሁሉም ጠረጠረህ» አሉት። ወደ አበዳሪውም ዞረው፣ «አንተም ቤቱን በሐራጅ ብታሸጥ ገንዘብህን ታገኛለህ፤ ከዚያ በኋላ ግን ይህን ቤት በየጧቱ ስታየው ትኖራለህ» አሉት።

ስምምነቱ ይህ ነው። ባለዕዳው አንድ በሬና የጓሮውን ባሕር ዛፍ ሸጦ 60,000 ብር በአንድ ጊዜ ይሰጣል፤ የቀረውን 120,000 ብር በየወሩ 5,000 እየከፈለ በ24 ወር ይጨርሳል። አንድ ወር ሳያጓድል ከፈጸመ አበዳሪው ወለዱን ይተውለታል። ሽማግሎቹ በዚህ አላበቁም፤ ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ ለፍርድ ቤቱ ቀርቦ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ አደረጉ። ይህ ትልቅ ጥበብ ነው። በዛፍ ጥላ ሥር የተደረገ እርቅ መዝገብ ውስጥ ካልገባ፣ ከዓመት በኋላ ከአንዱ ወገን የሚመጣ ወራሽ ወይም ጠበቃ ያንኑ ፍርድ እንደ አዲስ ሊያነሣው ይችላል። ፍርዱ በተጻፈበት መዝገብ ላይ ክፍያውም መጻፍ አለበት።

ከዚህ የተማርሁትን በአጭሩ ላካፍላችሁ። እያንዳንዱን ክፍያ በባንክ ወይም ምስክር ባለበት ክፈሉ፤ ደረሰኙን አታጥፉ። የመጨረሻውን ብር የከፈላችሁ ቀን ዋናውን የውል ወረቀት ተቀበሉ፤ «ዕዳዬ ሙሉ በሙሉ ተከፍሎኛል» የሚል የተፈረመ ጽሑፍም አስጨምሩበት። ከዚያ መዝገቡ እንዲዘጋ ለፍርድ ቤቱ አመልክቱ፤ እግድ የተጣለበት ንብረት ካለ እግዱ መነሣቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ሳትይዙ ወደ ቤታችሁ አትመለሱ። ብዙ ሰው ዕዳውን ከፍሎ ደብዳቤውን ይረሳል፤ ከዓመታት በኋላም ቤቱን ሊሸጥ ሲል የሞተ የመሰለው ዕዳ በማዘጋጃ ቤት ተነሥቶ ይቆየዋል።

ዕዳው የባንክ ከሆነ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በ1990 ዓ. ም. የወጣው 97ኛው አዋጅ ባንክ ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በመያዣ የያዘውን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። እንግዲህ ባንክ ሲጽፍላችሁ ደብዳቤውን ሳትከፍቱ አታስቀምጡ። የብሔራዊ ባንክም በ2004 ዓ. ም. ባወጣው መመሪያ የብድር መረጃ ማእከል አቋቁሞአል፤ አንዱ ባንክ ዘንድ የተበላሸ ብድር በሌላው ባንክ ይታያል። ሦስት ወር ወይም 90 ቀን ሳይከፈል የቆየ የባንክ ብድር ከተበላሹት ይቈጠራል። ስለዚህ ሊከፍል ያቃተው ሰው 90ው ቀን ሳይሞላ ወደ ባንኩ ሄዶ የመክፈያው ጊዜ እንዲራዘምለት ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው። የጨረሰም ሰው መረጃው መስተካከሉን ባንኩን ይጠይቅ፤ ማሽን ራሱ አያፍርምና ሳይነግሩት አያርምም።

የጎረቤት ብድር ግን በዚያ ማእከል አይጻፍም። እርሱ የሚጻፈው በሰው አፍ ነው፤ ከዚያም መዝገብ መፋቅ ከሁሉ የከበደ ነው። ዘመዴ 24ቱን ወር ሳያጓድል ፈጸመ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሌሊት ጀምሮ የመላጊያው ድምፅ በሠፈሩ ይሰማ ነበር፤ ተመላሹ ልጁም አጠገቡ ቆሞ መጋዝ ይስብ ነበር። ይሁን እንጂ ዕዳው ካለቀ በኋላም ወራት ያህል «ያ የተፈረደበት» የሚለው ስም አልለቀቀውም ነበር። ሰው ክሱን ሰምቶአል፤ ክፍያውን ግን አልሰማም። ክስ በአደባባይ ይነገራል፤ ክፍያ ግን በጓዳ ይፈጸማል።

ስሙን የመለሰለት ራሱ አበዳሪው ነው። በሐዲያ ወንዶች ለበዓል የሚታረደውን በሬ ለመግዛት ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ የሚያጠራቅሙበት ቱታ የሚባል ማኅበር አለ። የሠፈሩ ቱታ ገንዘብ ያዥ ሲመርጥ፣ ያ ከሶት የነበረው ጎረቤት ተነሥቶ፣ «እኔ የምመርጠው ይህን ሰው ነው፤ 180,000 ብሬን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም የመለሰልኝ እርሱ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ሌላ ስም የጠራ አልነበረም። በቀጣዩ ሳምንት ሚስቱ ቅቤዋን ይዛ ወደ ዊጆው ሄደች።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ባለዕዳ ከሆንህ ፊትህን አታዙር፤ ያለህን ይዘህ ቅረብ፣ የከፈልኸውን አስጽፍ። አበዳሪ ከሆንህ ደግሞ አንድ ዕዳ አለብህ። ሰውዬውን በአደባባይ ከስሰኸው እንደ ሆነ፣ መክፈሉንም በአደባባይ ተናገርለት። ያ ሲሆን ቁራኛው ከሁለታችሁም እጅ ይፈታል።