የቤት ኪራይና የሰፈር ክብር

የሰው ልጅ ከጉርስና ከልብስ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ነገር ቤት መሆኑን የማያውቅ የለም። ዳሩ ግን ምግብ በሆድ፣ ልብስም በገላ ስለሚለካ የሚበቃውን መጠን ለማወቅ አያስቸግርም፤ ቤት ግን የሚለካው በቁመቱና በስፋቱ ብቻ አይደለም። አራት ግድግዳና አንድ ጣራ ያለው ክፍል በአንዱ ከተማ በጥቂት ብር ሲከራይ፣ በሌላው ከተማ የአንድ መምህር ደመወዝ ግማሹ አይበቃውም። ጭቃው ያው ጭቃ ነው፤ ቆርቆሮውም ያው ቆርቆሮ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከወዴት መጣ? በመምህርነት በሦስት አገር የኖርሁ ስለ ሆንሁ፣ በዚህ ነገር ያየሁትንና ያሰብሁትን ለአንባብያን ላካፍል እወዳለሁ።

የመጀመሪያ ምድቤ በጋሞ ደጋ ላይ ያለችው ጨንቻ ነበረች። ለተከራየሁት ክፍል የምከፍለው ከደመወዜ አንድ አሥረኛውን እንኳ አያህልም ነበር። በአቅራቢያው የሚኖሩት የዶርዜ ሰዎች ቤታቸውን በቀርከሃ ጠልፈው እጅግ ረጅም አድርገው ይሠሩታል፤ ምስጥ ከሥሩ በበላው ቁጥር የተበላው ክፍል እየተወገደ፣ ቤቱ ከዓመት ወደ ዓመት ያጥራል። አስፈላጊ በሆነም ጊዜ ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ከመሬት አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። አንድ ሽማግሌ፣ «መምህር፣ እኛ ቦታ ስንለውጥ ቤታችንም አብሮን ይሄዳል» ብለው አጫውተውኛል። በዚያን ጊዜ ነገሩን እንደ ጨዋታ ሰማሁት እንጂ፣ ቤቱ ከሰው ጋር የሚሄድበትና ሰው ከቤቱ የሚባረርበት አገር ምን ያህል እንደሚለያይ ገና አላየሁም ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ ሐረር ተዛወርሁ። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በጀጎል ግንብ ውስጥ ያለው የሐረሪ ቤት፣ ውስጡ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት፤ ማን በየትኛው መደብ ላይ እንደሚቀመጥም በዕድሜና በክብር የታወቀ ነው። በግድግዳው ላይ በእጅ የተሰፉ ስፌቶች በሥርዓት ተሰቅለው ይታያሉ። የማውቃቸው ባለቤቶች ስለ ቤታቸው ሲናገሩ የሚያነሡት ዋጋውን ሳይሆን አያቶቻቸውን ነበር። ለእነርሱ ቤት ማለት የዘር ሐረግ የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ነው።

ሦስተኛው ምድቤ አዲስ አበባ ሆነ። ባለቤቴንና ሕፃን ልጄን ይዤ ቤት ፍለጋ ከደላላ ጋር ስዞር፣ አንዲት አከራይ በር ላይ ቆመው፣

«ልጄ፣ ስንት ናችሁ?» አሉኝ።

«ከሕፃኑ ጋር ሦስት ነን፣ እትዬ» አልኋቸው።

«ሕፃን ካለማ ውሃው አይበቃንም» ብለው በሩን በቀስታ ዘጉት። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ የሚኖሩት በዚያችው በሰርቪስ ቤት ኪራይ ነበርና የውሃውን ጀሪካን መቍጠር ግድ ሆኖባቸዋል። በመጨረሻ ያገኘሁት ክፍል ከጨንቻው ይጠባል፤ ኪራዩ ግን የደመወዜን ግማሽ አለፈ።

አዲስ አበባ ገና በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር የሰፈር ከተማ ነበረች። ሰፈር ማለትም መስፈሪያ ማለት ነው፤ መኳንንቱ በየተሰጣቸው ቦታ ከነጭፍሮቻቸው ሰፈሩ፤ ሰፈሩም በባለቤቱ ስም ተጠራ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን ቅሬታዎች ናቸው። በዚያን ጊዜ የቦታ ክብር የሚመዘነው ለግቢው ባለው ቅርበት ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ አነስተኛ ኪራይ ለሚከፍሉትም ኪራዩ ተቀነሰላቸው። የቀበሌ ቤት ያገኘ ሰው ግን ቤቱን ለማደስ ባለቤት ስላልሆነ፣ ጣራው እያፈሰሰ ኪራዩ ርካሽ ሆኖ ቆየ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተው በዕጣ መታደል ጀመሩ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ወሰነ። ይህ ሁሉ መልካም ሙከራ ነው፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ የሚጎርፍበትን ምክንያት አይነካም።

ባለፈው ዓመት ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ደብረ ማርቆስ ለመዛወር ማሰቤን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ብነግረው፣ ደንገጥ ብሎ፣ «ምን አጥፍተህ ነው?» አለኝ። ይህች አጭር ጥያቄ ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ ታስተምራለች። በሐሳቡ ከአዲስ አበባ መውጣት ቅጣት ነው፤ መግባት ግን ሹመት ነው። የመንግሥት ደመወዝ በመሠረቱ የሚወሰነው በሥራው ደረጃ እንጂ በከተማው ኪራይ አይደለምና፣ ያው ብር በአንዱ ከተማ ቤተሰብ ሲያኖር በሌላው ለአከራይ ይቈጠራል። ባልደረባዬ ይህን ሒሳብ ያውቃል፤ ቢሆንም ሰፈሩ የሚሰጠውን ስም ሊያጣ አይወድም።

«ክፍለ ሀገር» የምንለውንም ቃል እንመልከት። የአስተዳደር ስምነቱ ካበቃ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በአዲስ አበቤው አፍ ግን ዛሬም ይሠራበታል። ጎንደርም ጅማም፣ ሐረርም ጨንቻም በዚህ አንድ ቃል ይጠቀለላሉ። የዶርዜ ቀርከሃና የሐረሪ መደብ ልዩነታቸው ጠፍቶ፣ ሁሉም «አዲስ አበባ ያልሆነ ቦታ» ይሆናሉ። እንዲህ አድርገን ስም የነፈግነውን አገር በኋላ ዞረን «ሰው ለምን ሸሸው?» ማለት አያምርብንም።

ይሁን እንጂ ወደ ዋና ከተማ የሚጎርፈውን ሰው ሁሉ በከንቱ ክብር ወዳድነት መክሰስም ፍርደ ገምድልነት ነው። እናቴ ታማ ከፍተኛ ሐኪም ባስፈለጋት ጊዜ ወደ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ነበረባት፤ በዚያች ጠባብ ክፍሌ አስተኝቼ አሳከምኋት። ያን ጊዜ ለግድግዳው እንዳልከፈልሁ ገባኝ፤ ኪራዬ የሐኪሙ፣ የትምህርት ቤቱ፣ ጉዳይ የሚፈጸምበት ቢሮ ቅርበት ዋጋ ነው።

ለዚህም ምስክር አለ። ደብረ ማርቆስና ደብረ ብርሃን በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲያቸው ሥራ ጀመረ። ተማሪና መምህር ሲመጣ ሻይ ቤቱ፣ ማተሚያ ቤቱ፣ ተከራዩም ተከትሎ መጣ፤ በትውልድ ከተማዬ ርካሽ የነበረው ክፍል ዛሬ እንደ ቀድሞው አይገኝም። የቤት ኪራይ ጥላ ነው፤ ተስፋ ወደ ሄደበት ይከተላል።

እንግዲህ፣ ውድ አንባብያን ሆይ፣ ኪራዩን በአዋጅ መግታት አንድ ነገር ነው፤ ተስፋውን ለየአገሩ ማካፈል ግን ዋናው ነው። ባለሥልጣን ሆስፒታሉንና ቢሮውን ሲያከፋፍል፣ መምህር ተማሪውን «ከዚህ ለመውጣት ተማር» ማለቱን ትቶ «ይህን ለማቅናት ተማር» ሲለው፣ ተማሪም ዕጣው ወዴትም ቢወጣ እንደ ግዞት ሳይቈጥረው ሲቀር፣ ሸክሙ ከአንዲት ከተማ ጫንቃ ላይ ይቀልላል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ ሐኪምና ትምህርት ቤትም እንደዚሁ ናቸው። እኔና ባለቤቴ ብዙ ሌሊት ከመከርን በኋላ የዝውውሩን ማመልከቻ አስገብተናል። የልጃችን ትምህርትና የእናቴ ሕክምና እንደሚያሳስበን አልሸሽግም፤ ነገር ግን አገር የሚቀናው ማንም ሳያጠፋ ወደ ገጠሩ መሄድ ሲጀምር ነው።