የብርሃን ሰይፍ ሥራ እንዴት ይጀመራል?

ተማሪ ትርፍ ጊዜውን በምን ላይ ማዋል እንደሚገባው በየጊዜው ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተከራክረንበታል። እኔ ዛሬ የማቀርበው ጉዳይ ግን ለክርክር የሚበቃ የማይመስል፣ ምናልባትም ብዙዎቻችሁን ፈገግ የሚያሰኝ ነው። ይኸውም በሲኒማ የምናውቀውን የብርሃን ሰይፍ፣ ባለቤቶቹ ላይትሴበር የሚሉትን፣ በገዛ እጅ ስለ መሥራት ነው። ሰይፉ ቁልፉን ሲጫኑት ይበራል፤ ሲይዙት ያጉረመርማል፤ ሲያወዛውዙት ድምፁን ይለውጣል፤ ከሌላ ሰይፍ ጋር ሲጋጭ ይጮኻል። አይቆርጥም፤ አይወጋም፤ እንጀራም አይሆንም። የሆነ ሆኖ የአንድ ሴሚስተር ቅዳሜዎቼን ሰጥቼው ያተረፍሁት ነገር ስላለ፣ ሥራው እንዴት እንደሚጀመርና ምን እንዳስተማረኝ ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ ለማካፈል ወደድሁ።

አስቀድሞ ስለ ዕቃው አመጣጥ ጥቂት ልበል። ስታር ዋርስ የተባለው የጆርጅ ሉካስ ፊልም ለሕዝብ የቀረበው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። ከመካከላችን ብዙ ሰው ይህ ሰይፍ በታላቅ ፋብሪካ፣ በሊቃውንት ምክር የተፈለሰፈ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የፊልሙን ዕቃዎች ካሰናዱት ሰዎች አንዱ፣ እንግሊዛዊው ሮጀር ክርስቲያን፣ ለንደን ውስጥ ከአንድ የፎቶግራፍ ዕቃ መሸጫ ግራፍሌክስ የሚባል የአሮጌ ካሜራ ፍላሽ መያዣ አገኘ። ይህ መያዣ ሦስት ባትሪ ድንጋይ የሚይዝ የብረት ቧንቧ ነው። በላዩ ላይ ጥቁር ጎማ እየቆረጠ በሙጫ ለጠፈበት፤ ከኪስ ካልኩሌተር የተነቀለ የፕላስቲክ ቁራጭ ጨመረበት፤ እጀታውም በዚሁ ተፈጸመ። ስለቱን ቢሉ፣ ብርሃንን መልሶ በሚያንጸባርቅ ነገር የተለበጠና በሞተር የሚሽከረከር ዘንግ ነበር፤ የምናየው ድምቀት በኋላ በፊልሙ ላይ በሥዕል የተጨመረ ነው። ሮጀር ክርስቲያንም ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ስለዚሁ ፊልም ዝግጅት በ1978 እ.ኤ.አ. የኦስካር ሽልማት ተቀበለ።

ድምፁም ከዚያው ዐይነት ነው። ቤን በርት የተባለው የድምፅ ባለሙያ፣ አሮጌ የፊልም ማሳያ መሣሪያ ፊልም ሳያዞር ሞተሩ ብቻ ሲሠራ የሚያሰማውን ጉርምርምታ ቀረጸ፤ ማይክሮፎን በቴሌቪዥን አጠገብ ሲያልፍ ያሰማውንም የንዝረት ድምፅ ቀላቀለበት። የሰይፉን መወዛወዝ ለማግኘት ደግሞ ያንኑ ድምፅ በስፒከር እያጫወተ፣ ሌላ ማይክሮፎን በእጁ ይዞ በስፒከሩ ፊት ያወዛውዝ ነበር። ማይክሮፎኑ ሲቀርብ ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲርቅም ይወፍራል። ይህ በፊዚክስ ክፍል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያየነው የዶፕለር ሕግ ነው እንጂ ሌላ ተአምር የለበትም።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ትዝ ያለኝ መርካቶ ውስጥ ያለው ምናለሽ ተራ ነው። በዚያ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፤ ቆርቆሮው ኩራዝ ይሆናል፤ የወዳደቀ ብረት ሁሉ ሌላ ስም ይዞ ይነሣል። እንግዲህ የለንደኑ ሰው የሠራው ሥራ በእኛ ሰፈር በየቀኑ ሲሠራ የምናየው ሥራ ሆኖ ሳለ፣ እኛ ተማሪዎች ግን በመነጽራችን አሻግረን እያየን እናልፋለን። እኔም ለእጀታው የሚሆን የአሉሚኒየም ቧንቧ ያገኘሁት ከዚያው ነው።

ታዲያ ጀማሪው ከምን ይነሣ? ብዙ ሰው ሐሳቡን የሚተወው በመጀመሪያው ቀን ሁሉን ነገር ሲመኝ ነው። ብርሃኑን፣ ድምፁን፣ ቀለም መለዋወጡን፣ ያማረ እጀታውን በአንድ ጊዜ ይሻል፤ የሁሉንም ዋጋ ሲደምር ይደነግጣል፤ ከዚያም ይተወዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችን ለዚህ ሥራም ተናግረዋል። ሥራውን በሦስት ደረጃ መክፈል ይበጃል፤ ይኸውም መጀመሪያ ብርሃን፣ ቀጥሎ እጀታና ስለት፣ በመጨረሻ ድምፅ ነው።

ለብርሃኑ የሚያስፈልገው አንድ ሊቲየም ባትሪ፣ አንድ ብርቱ ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል፣ አንድ ሬዚስተርና አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ብዙዎች የሚመርጡት ባትሪ 18650 የሚባለው ነው፤ ውፍረቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በስሙ ላይ ተጽፎ ይገኛል። መካከለኛ ጉልበቱ 3.7 ቮልት ሲሆን ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። ቀይ አምፖል የሚፈልገው 2.2 ቮልት ያህል ነው። እንግዲህ ከ4.2 ላይ 2.2 ስንቀንስ 2 ቮልት ይተርፋል። ለአምፖሉ 0.7 አምፔር እንዲደርሰው ከፈለግን 2ን በ0.7 እናካፍላለን፤ 2.86 ኦም ይሆናል። ከዚህ ከፍ ብሎ በገበያ በብዛት የሚገኘው ቁጥር 3.3 ኦም ነው። በዚህ ላይ የሚባክነው ሙቀት 1.2 ዋት ያህል ስለሆነ ቢያንስ 2 ዋት የሚችል ሬዚስተር ይገዛል። አምፖሉም ራሱ ስለሚግል ከአሉሚኒየም ቁራጭ ጋር መጣበቅ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የኦምን ሕግ በፈተና ላይ ነጥብ ሳይጥል የሚሠራ አንድ ጓደኛዬ አብሮኝ ሊሠራ መጣ። ሬዚስተሩን በእጁ ባስያዝሁት ጊዜ፣ «የትኛው ጫፍ ነው ወደ ባትሪው የሚዞረው?» አለኝ። ሬዚስተር ጫፍ አይመርጥም፤ ጫፍ የሚመርጠው አምፖሉ ነው። ጓደኛዬ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ በሦስት ዓመት ትምህርት ውስጥ ሬዚስተርን በሥዕል እንጂ በእጁ አግኝቶት ስለማያውቅ ነው። ስንቶቻችን ነን እንደ እርሱ ያለን? ስሌቱን እናውቃለን፤ ዕቃውን አናውቅም። ያን ቀን ማታ አምፖሉ ሲበራ ጓደኛዬ ለብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አየው፤ ከዚያም ሬዚስተሩን በጣቱ ነክቶ፣ «እውነትም ይሞቃል» አለ።

ሁለተኛው ደረጃ እጀታና ስለት ነው። ስለቱ የሚሠራው 25 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ካለው የፖሊካርቦኔት ቱቦ ነው። ፖሊካርቦኔት ለዐይን መከላከያ መነጽር የሚሆነው ጠንካራ ፕላስቲክ ስለሆነ ቢመቱትም በቀላሉ አይሰበርም። የፍሎረሰንት መብራት ብርጭቆ ግን ከቶ አይሆንም፤ ቢሰበር ሰው ያቆስላል፤ በውስጡም ሜርኩሪ አለ። ብርሃኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲዳረስ በቱቦው ውስጥ የስጦታ መጠቅለያ የሚሆነውን ስስ ላስቲክ ጠቅልሎ ማስገባት፣ ጫፉ ላይም ብርሃን የሚመልስ ትንሽ መስተዋት ማድረግ ነው። እጀታውን በብረት መጋዝ ቆርጦ፣ በሞረድ አስተካክሎ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይቻላል። ስለቱ የሚገባበትን አንገት ግን ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስቆረጥ ይሻላል። እኔን የረዱኝ ባለ ቶርኖ ትምህርታቸውን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጡ ሰው ናቸው፤ ሆኖም የሚሊ ሜትር አሥረኛውን በጣታቸው ዳስሰው ያውቃሉ። በዚያች ግማሽ ሰዓት ስለ ልክና ስለ ብረት የተማርሁት ከአንድ ምዕራፍ ይበልጣል።

ሦስተኛው ድምፅ ነው። ገንዘብ ያለው ለዚህ ተብሎ የተሠራ ቦርድ ያስመጣል፤ ከእነዚህም አንዱ ፕሮፊቦርድ የሚባለው፣ ፕሮግራሙ ለማንም ክፍት የሆነ ነው። ገንዘብ የሌለው ደግሞ በሦስት ርካሽ ነገሮች ይጀምራል። አንደኛው አርዱዊኖ ነው፤ ይህ በ2005 እ.ኤ.አ. በጣሊያን አገር ኢቭሬያ ከተማ ለተማሪዎች ተብሎ የተጀመረ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ሁለተኛው ከማስታወሻ ካርድ ላይ ድምፅ የሚያጫውተው ዲ.ኤፍ. ፕሌየር ነው። ሦስተኛው እንቅስቃሴን የሚለካው ኤም.ፒ.ዩ. 6050 ነው። የአንድ ባትሪ ጉልበት ለአርዱዊኖ ስለሚያንስ ወደ 5 ቮልት የሚያሳድግ ቦርድ በመካከል ይገባል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሰይፉ ሲበራ ጉርምርምታው ይጀምራል። መለኪያው የመዞሩን ፍጥነት በየጊዜው ለአርዱዊኖ ይነግራል። ፍጥነቱ እኛ ከወሰንነው ቁጥር ሲያልፍ የመወዛወዝ ድምፅ ይሰማል፤ ድንገተኛ ግፊት ሲመጣ ደግሞ የግጭት ድምፅ ይሰማል። ይህ ርካሽ መሣሪያ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ስለሚያጫውት መወዛወዙ ሲሰማ ጉርምርምታው ይቋረጣል፤ ውዱ ቦርድ ግን ድምፆችን ይቀላቅላል። ስፒከሩም በዝግ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ፤ የፊቱና የኋላው ድምፅ ከተገናኙ እርስ በርሳቸው ይጣፋሉና።

በስለቱ ውስጥ ከላይ እስከ ታች የተደረደሩ ትናንሽ አምፖሎች ያሉበትን ዐይነት የሚመኝም አለ። ይህ በእርግጥ ያምራል፤ ብርሃኑ ከእጀታው ተነሥቶ እየረዘመ ሲወጣ ይታያል። ነገር ግን ከመጀመር በፊት ይቆጠር። በ1 ሜትር 144 አምፖል ያለው ጥብጣብ ለ90 ሳንቲ ሜትር ስለት 130 አምፖል ይሆናል፤ በሁለት ወገን 260። እያንዳንዱ በነጭ ሲደምቅ እስከ 60 ሚሊ አምፔር ስለሚወስድ ድምሩ 15.6 አምፔር ነው፤ በአንድ ቀለም ብቻ ቢበራ እንኳ 5.2 ይሆናል። ይህን ያህል በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ባትሪ ተመርጦ መገዛት አለበት። ሊቲየም ባትሪ ሁለቱ ጫፎቹ በሽቦ ከተገናኙ እሳት ያስነሣል። ስለዚህ መከላከያ ያለው አዲስ ባትሪ ይገዛ፤ በባትሪው ገላ ላይ ሶልደር አይደረግ፤ ማቀፊያ ይበጅለት፤ ከመብራቱ በፊትም እያንዳንዱ መስመር በቴስተር ይለካ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ። አጎቴ ሊጠይቁኝ በመጡ ጊዜ ጠረጴዛዬን ሞልቶት ያዩት ሽቦና የብረት ፍቅፋቂ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባኸው ለዚህ ነው ወይ? ቆርቆሮ ለመቀጥቀጥማ ሳትማርም ትችል ነበር» አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም በዚያን ጊዜ የሚያረካ መልስ አልነበረኝም።

በዕረፍት ወደ አገር ቤት በሄድሁ ጊዜ ከተበላሸ ወራት ያለፈው የፀሐይ መብራት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። ከፈትሁት። በውስጡ ያለው 3.7 ቮልት ሊቲየም ባትሪ፣ ባትሪውን የሚሞላ ቦርድ፣ ሬዚስተርና ኤል.ኢ.ዲ. አምፖሎች ናቸው፤ ሁሉም ከሰይፌ ጋር አንድ ዐይነት። ከባትሪው ወደ ቦርዱ የሚሄደው ሽቦ ተነቅሎ ነበር። ካውያውን በከሰል አግዬ መለስሁት፤ በራ። እናቴ እልል አሉ። አባቴ ግን ዝም አሉ፤ ቆይተውም እንዲህ አሉኝ፦ «አያትህ ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። አገሩ ሁሉ በእሳቸው ማረሻ ያርሳል፤ ከእሳቸው ጋር ግን ማዕድ የሚቀርብ አልነበረም። እናንተም እንዳትሸማቀቁ ብለን አልነገርናችሁም።»

እስከዚያች ማታ ድረስ አያቴን ገበሬ ነበሩ ብዬ ነበር የማውቀው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በእጅ ሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸውን በታሪክ ክፍል ተምሬአለሁ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አባቴ ግን የገዛ አባታቸውን ሙያ ለልጃቸው ለመንገር ይህን ያህል ዘመን ፈጀባቸው። የአጎቴም ቃል ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ፤ እሳቸውም የቀጥቃጭ ልጅ ናቸው።

ከዚህ የተነሣ ለአጎቴ ጥያቄ ያለኝ መልስ ይህ ነው። ሰይፉ ራሱ አይጠቅምም። ነገር ግን ብዙዎቻችን ብዕር ከጨበጥን ወዲህ እጃችንን ከሌላ ሥራ ሁሉ አግልለናል፤ ማንም የማይፈራው፣ ሳቅ ያለበት ሥራ ካልሆነ በቀር እጃችንን መልሶ የሚያስታርቀን የለም። አምፖል ለማብራት የደፈረ ሰው ነገ የትምህርት ቤቱን ፓምፕ ወይም የጤና ጣቢያውን መብራት ሲበላሽ ለመክፈት አይፈራም። ያንን ሥራ የሚሠሩትንም ሰዎች በስማቸው ይጠራል፤ አብሯቸውም ይበላል።

አጎቴን ለፋሲካ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ፤ ሰይፉንም ይዤ እሄዳለሁ። ከእናንተ መካከል ለመጀመር የሚወድ ቢኖር አንድ ባትሪ፣ አንድ ሬዚስተርና አንድ ቀይ አምፖል ገዝቶ በመጪው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይምጣ። ካውያውን እኔ አመጣለሁ።