የአራት ቀን ባሕር

ለአራት ቀን ጉዞ የሚሰጠው ምክር ለአርባ ቀን ይበቃል። «ካንኩን ልንሄድ ነው» ያልኩት ሰው ሁሉ «ይህንን ሳታዩ እንዳትመለሱ» የሚለው ነገር አላጣም። አንዱ ፒራሚዱን፣ ሌላው ከባሕር በታች የቆሙትን ሐውልቶች፣ ሦስተኛው ደሴቲቱን፣ አራተኛው ከመሬት በታች ያለውን ውኃ ይጠራል። ጽፌ ስቆጥራቸው 19 ደረሱ። እኛ ያለን አራት ቀን ነው፤ መድረሻና መመለሻው ሲቀነስ ሙሉ ሆነው የሚተርፉት ሁለት ብቻ ናቸው። ዕቅድ ማውጣት ያልኩት ነገር ብዙውን መሰረዝ ሆኖ አረፈው።

ስረዛውን ያከበደው እናቴ አብራን መሆኗ ነው። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን ወደ ዋሽንግተን ከመጣች ሁለት ወር ሆኗታል። 76 ዓመቷ ነው፤ ባሕር አይታ አታውቅም። ምጽዋና አሰብ በኢትዮጵያ እጅ በነበሩበት ዘመን እንኳ ቀይ ባሕር ለእሷ ልጆቿ በደብተራቸው ላይ የሚቀቡት ሰማያዊ ቀለም ነበር፤ በ1985 ዓ.ም. ደግሞ እሱም ከአገሪቱ ካርታ ወጣ። አትላንቲክን ስትሻገር ሌሊት ስለነበረ ከጨለማ በቀር ያየችው የለም። «እዚሁ ሜሪላንድ ዳርቻ ውሰዳት» የሚለኝ አልጠፋም፤ ነገር ግን በኅዳር የዚህ አገር ባሕር እግር አያስነክርም። የአሜሪካ ቪዛ ያለው ሰው ለአጭር ጉብኝት የሜክሲኮ ቪዛ አይጠየቅም፤ የእሷም ቪዛ ደጋግሞ የሚያስገባ በመሆኑ በዚያ በኩል እንቅፋት የለብንም።

የአገሩ ስም ለእናቴ እንግዳ አይደለም። ዕድሜዋን የኖረችው ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነው። አደባባዩ በዚያ ስም የተጠራው፣ ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ስትይዝ ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ስለነበረች ነው። በሜክሲኮ ሲቲም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይና የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ማሞ ወልዴ በማራቶን ወርቅ ያገኘው በዚያችው ከተማ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ «ታዲያ የእኛን አደባባይ ልናይ ነዋ?» አለችኝ። ካንኩን ግን ከዋና ከተማው በአውሮፕላን ከሁለት ሰዓት በላይ ስለምትርቅ ይህም ተሰረዘ።

ካንኩን ራሷ የዕቅድ ልጅ ናት። እስከ 1970 (እ.ኤ.አ.) ገደማ የኮኮናት ዛፍ ከሚጠብቁ ጥቂት ሰዎች በቀር ነዋሪ ያልነበረባት ጠባብ የአሸዋ ደሴት ነበረች። የሜክሲኮ ማዕከላዊ ባንክ ሰዎች የውጭ ምንዛሪ የሚያመጣ የመዝናኛ ከተማ የት ቢሠራ እንደሚያዋጣ አጥንተው መረጧት። የመጀመሪያዎቹ ሆቴሎች በ1974 ተከፈቱ፤ በ2020 በተደረገው ቆጠራ ከተማዋ 890 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ነበራት። ሆቴሎቹ የተደረደሩባት ደሴት የ7 ቁጥር ቅርጽ አላት። ከሰማሁት ምክር ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ይህ ቁጥር ነው። ረጅሙ እግር ፊቱን ለክፍቱ ባሕር ስለሰጠ ማዕበሉ ኃይለኛ ነው፤ ወደ ሰሜን የዞረው አጭሩ ክንድ ግን ውኃው የረጋ ነው። ጉልበቷን የሚያማት እናት ይዞ የሚሄድ ሰው የሆቴሉን ኮከብ ከመቁጠሩ በፊት በ7ቱ ላይ የት እንደቆመ ይይ። ደግሞም በሜክሲኮ ሕግ የባሕር ዳርቻ የሕዝብ ነው፤ ርካሽ ቤት ያረፈም ሰው በትልቁ ሆቴል ፊት ያለውን አሸዋ ይረግጣል። ወቅቱን የመረጥነውም እንዲሁ ነው፤ በኅዳር መጨረሻ የሃሪኬኑ ወራት ያልፋል፤ በጸደይና በበጋቸው ዳርቻውን የሚያለብሰው ሳርጋሶ የተባለ የባሕር አረምም ይቀንሳል።

ከተሰረዙት ሁሉ ያሳዘነኝ ቺቼን ኢትዛ ነው። ትልቁ ፒራሚድ በአራቱም ጎን 91፣ 91 ደረጃ አለው፤ ከላይኛው መድረክ ጋር 365 ይሆናል። ማያዎች ዓመቱን 20፣ 20 ቀን ባላቸው 18 ወሮች ከፍለው የተረፉትን አምስት ቀኖች ለብቻ ያስቀምጡ ነበር። ጳጉሜን ላለው ሕዝብ ልጅ ይህን ማንበብ ሩቅ አገር ዘመድ እንደማግኘት ነው። ልዩነቱ እነሱ አምስቱን ቀን እንደ ክፉ ቀን ይፈሯቸው ነበር፤ እኛ ደግሞ በሩፋኤል ዝናብ እየተጠመቅን አድገንባቸዋል። ያንን ድንጋይ ለማየት ለዓመታት ስመኝ ኖሬአለሁ። ነገር ግን ከካንኩን 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የዚያኛው ግዛት ሰዓት ከካንኩን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ፣ ሲሄዱ የተገኘችው ሰዓት ሲመለሱ ትወሰዳለች። ደረጃውን መውጣት ከተከለከለም ዓመታት አልፈዋል። ለ15 ዓመቷ ልጄ «ሌላ ጊዜ» ማለት ይቻላል፤ ለእኔም ምናልባት። ለእናቴ ግን የመጀመሪያው የመጨረሻውም ሊሆን ስለሚችል፣ ካሏት ሁለት ሙሉ ቀኖች አንዱን በአውቶቡስ ወንበር ላይ ልወስድባት አልደፈርኩም። ደግነቱ እዚያው በሆቴሎቹ መካከል ኤል ሬይ የሚባል ትንሽ የማያ ፍርስራሽ አለ። ድንጋዩ ላይ ኢጓና የተባሉ ትልልቅ እንሽላሊቶች ፀሐይ ይሞቁበታል። ለዚህ ጉዞ የእኔ ፒራሚድ እሱ ይሁን ብያለሁ።

ልጄ አጥብቃ የተሟገተችው ለሴኖቴ ነው። የዩካታን ምድር የኖራ ድንጋይ በመሆኑ የዘነበው ሁሉ ወደ ታች ይሰርጋል፤ በላይ የሚፈስ ወንዝ የለም ማለት ይቻላል። ውኃው በዋሻ ውስጥ ይሄድና የዋሻው ጣሪያ ሲደረመስ ጥርት ያለ ውኃ የሞላው ጉድጓድ ይገለጣል፤ ሴኖቴ ማለት ይህ ነው። ማያዎች ይጠጡበት ነበር፤ ለአማልክቶቻቸውም መሥዋዕት ያቀርቡበት ነበር። ለእናቴ ስነግራት «ጸበል ነዋ!» ብላ ለልጅቷ ፈረደችላት። ከካንኩን ወደ ደቡብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ፑዌርቶ ሞሬሎስ አጠገብ ብዙ ሴኖቴዎች ስላሉ የሦስተኛው ቀን ጠዋት የልጄ ሆነ።

የምግቡም ነገር ዕቅድ ይፈልጋል። የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ እናቴ ደግሞ ባሕር አየሁ ብላ ጾም የምትሽር ሴት አይደለችም። የበቆሎ ቂጣቸው፣ ቦሎቄው፣ ሩዙና አቮካዶው ለጾመኛ የተሠራ ይመስላል፤ ሆኖም ቦሎቄው ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ስለሚሠራ «ሲን ማንቴካ» ማለትን ሦስታችንም አጥንተናል። «ያለ አሳማ ስብ» ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ካወጣሁና ካወረድኩ በኋላ እናቴን «አንቺስ ምን ማየት ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀች። «ሆቴልማ የትም ሆቴል ነው፤ የአገሩን ሰው የት ነው የምናየው?» አለች መጀመሪያ። ለዚህ መልስ አግኝቻለሁ። ከሆቴሎቹ ሰፈር አር-1 የሚባለው የከተማ አውቶቡስ ወደ መሐል ከተማ ይወስዳል። እዚያ ፓርኬ ዴ ላስ ፓላፓስ በተባለው አደባባይ የአገሬው ቤተሰብ ማታ ማታ ልጆቹን ይዞ ይወጣል፤ የተቀቀለ በቆሎም ይሸጣል። ሆቴሎቹን የሚያጸዱትና የሚያበስሉት ሰዎች የሚኖሩትም በከተማው በኩል ነው። የሦስተኛው ቀን ማታ የእናቴ ሆነ።

ሁለተኛው ጥያቄዋ «እውነት ጨው መሆኑን በምላሴ ላረጋግጥ» የሚል ነው። ለዚህም የመጀመሪያውን ቀን አመሻሽ ሰጥተናል፤ ሻንጣ እንዳስቀመጥን ሌላ ምንም ሳናስቀድም ወደ ውኃው እንወርዳለን። ሁለተኛው ቀን ለኢስላ ሙኼሬስ ነው፤ «የሴቶች ደሴት» ማለት ነው። ጀልባው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ በደሴቲቱ ሰሜናዊ ጫፍ ያለው ባሕር ጥልቀት ስለሌለው መዋኘት የማያውቅ ሰውም ብዙ ርቀት እየተራመደ ይገባበታል። የሐውልቶቹን ነገር ለዋናተኞች ትተናል። የአራተኛውን ቀን ጠዋት ባዶ አድርጌዋለሁ። እናቴ «አንድ ጊዜ ደግሞ ልየው» ብትል ጊዜ እንዲኖራት ነው።